ትከሻሽን ወደ አጥሩ አዙሪ

ውድ ያምሮት፣

ስልክሽን ከዘጋሽ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ነገ ወደ እናንተ ከተማ ወደ ፈረስ ቤት በሚመለሰው አጎትሽ እጅ እልከዋለሁ። ጥቂት እጽፍና እነሣለሁ፤ በር ድረስ ሄጄ ተመልሼ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አርማለሁ።

ቡሬ ላይ በቴኒስ ግጥሚያው የሆነውን አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚሽን ሁስናን ትመሪያት ነበር። በየነጥቡ መካከል ራኬቱን ወደ ግራ እጅሽ አዙረሽ ትከሻሽን ታራግፊያለሽ፤ እዚህ ፍኖተ ሰላም ስንለማመድ እንደምታደርጊው። ሰውነትሽ ሲጨመደድ የሚፈታልሽ እሱ ነው። እኔ "ትንፋሽሽን አውጪ፣ እጀታውን አንቀሽ አትያዢው" እያልሁ ከምጮኸው ይልቅ ይሠራልሻል። ግን ፊትሽ ወደ ሁስና ነበር። በእኛ አገር ሰው ፊት ትከሻ መስበቅ "ከቻልሽ ነይ" ማለት ነው።

"ዳኛ! እየጨፈረችብኝ እኮ ነው!" አለች።

"አንቺ፣ ሠርግ ቤት መሰለሽ እንዴ? ሁለተኛ እንዳላይ!" አለሽ ዳኛው።

ተመልካቹ እልል እያለ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር ወጥቶ ቀረ፤ ኳሱም መረቡን እየመታ ወደቀ።

ትናንት ቡሬ ወርጄ ሁስናን ከአባቷ ሱቅ አገኘኋትና ነገሩን አስረዳኋት።

"ታዲያ ጋሼ፣ እኔን ለምን ታያለች? ወደ አጥሩ ዞራ ታራግፍ!" አለችኝ።

ልጅቷ እውነቷን ነው። ዳኛውም በዚሁ ተስማምቷል።

የመልሱ ጨዋታ ቅዳሜ እዚሁ ነው። ካልመጣሽ ባሕር ዳር ከሚሄደው ቡድን ትወጫለሽ። አንቺ ግን "እንደገና ይስቁብኛል" ነበር ያልሽኝ። ይህንንም አስቤበታለሁ። ከአጥሩ ጀርባ እቆማለሁ፤ ቦታ ስትቀይሪ እኔም ዞሬ እመጣለሁ። አንቺ ስታራግፊ እኔም አራግፋለሁ። በልጄ በመስከረም ሠርግ እንኳ ትከሻዬን እንዳላንቀሳቀስሁ አገሩ ያውቃል። የሚስቅ በእኔ ይስቅ።

ዛሬ ጧት ጓዳ ውስጥ ስለማመድ ባለቤቴ ደስታነሽ ደረሰችብኝ።

"ምነው፣ ብርድ መታህ?"

"ልምምድ ነው።"

"የምን?"

"የቴኒስ።"

ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ጠጋ ብላ አየችኝና፣ "ግራው ይዘገያል" አለች።

እስከ ቅዳሜ ግራውን አስተካክላለሁ። አንቺ ብቻ ነይ።

አጥሩ ሥር የሚጠብቅሽ
መምህርሽ ክንፈሚካኤል