ዓሣ ጠቋሚውን አላስረክብም

ለታናሽ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሚስትህ ሰኒሚሊና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከንዴት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ቤትህ ከቤቴ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ዛሬ ጠዋት ስታስነጥስ ሰምቼ በሆዴ «ይማርህ» ብያለሁ። እንዲህ እየተሰማማን ደብዳቤ መጻፌ ለሌላ አገር ሰው ጉድ ነው። ምን ላድርግ? ወንድምና እኅት ካደጉ በኋላ አፍ ለአፍ አይነጋገሩም ያሉት የእኛው አባቶች ናቸው። መጻፍ ነውር ነው ያለ ግን የለም፤ ሽማግሌዎቹን ጠይቄአለሁ። ሰኒሚሊ ታንብብልህ፤ ድምፅዋ ለንባብ ጥሩ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ትናንት ሹሙ ማናሳ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተገተረ። ግባ ብለው አልገባም፣ ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። «የጎኔዳው አለቃ አዝዟል፤ ያንን ዓሣ ጠቋሚ ሳጥን እስከ ዓርብ ታስረክቢያለሽ» አለኝ። የጎኔዳው አለቃ ማለት አንተ ነህ። ለባላባቱ ቤት ዓሣ የማጥመድ ሹመት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደልህ፣ እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ አንተ። «ካላስረከብኩስ?» አልኩት። «ጀልባሽም አብሮ ይወሰዳል» አለ። «እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ከላዩ ማውረድ አለባችሁ፤ ክብደቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ስድስት ሰው ይዘህ ና» አልኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሄደ።

መልሴ ይኸው ነው፦ አላስረክብም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ በሉኝ።

ባለፈው ሳምንት አጥርህ ላይ ቆመህ ለውሻህ «ለዚያች ሴትዮ ንገራት፤ አባታችን ባሕሩን በዓይኑ ነበር የሚያነበው፤ በቴሌቪዥን አልነበረም» ስትለው ሰምቻለሁ። እኔም ለዚያው ውሻ «ለጌታህ ንገረው፤ አባታችን በመቅዘፊያ ነበር የሚሄደው፤ እሱ ግን አርባ የፈረስ ጉልበት ሞተር ይነዳል» ብዬ መልሼለታለሁ። ምስኪኑ ውሻ አንዴ ወደ አንተ አንዴ ወደ እኔ ሲያይ ቆይቶ ሰልችቶት ተኛ።

መሣሪያውን አልሰረቅኩትም። ያ ኒውዚላንዳዊ ሽማግሌ ባለሸራ ጀልባውን እዚህ አስሮ የከረመ ጊዜ ሁለት ምንጣፍ ሠርቼለት በምትኩ የሰጠኝ ነው። እንደ ምሳ ዕቃ በእጅ ይንጠለጠላል። ሆዱ ውስጥ ባትሪ፣ ፊቱ ላይ ስክሪን፣ በገመዱ ጫፍ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚነከር ጆሮ አለው። ጆሮው በሚመጥ ላስቲክ ጀልባው ላይ ይለጠፋል ተብዬ ነበር። ምን ይለጠፋል! የመጀመሪያው ማዕበል ነቅሎት በገመዱ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ በቧንቧ ቁራጭ ላይ አስሬ፣ በካላማዳሪያ ጠፍሬ ከጀልባዬ ኋላ ተከልኩት። ባሌ አፖሮሲ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢያይ ይኮራብኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መሳቂያ መሆኔን አልክድም። ስክሪኑ ትንንሽ የዓሣ ሥዕል ያሳየኛል፤ እኔ ሥዕሉ ባለበት ሁሉ መንጠቆ እጥላለሁ፤ የማወጣው የባሕር ሣርና ቅጠል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ሰኒሚሊ እንኳ «ዛሬስ ቴሌቪዥኑ ምን ፊልም አሳየሽ?» ብላ ስቃብኛለች፤ ይህን ስታነብልህም ትሳቅ። ኋላ ሥዕሉን የሚያጠፋውን ቁልፍ አገኘሁት። ለካስ ውኃ ውስጥ ለሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ዓሣ እየሣለ ሲዋሸኝ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የማየው ጆሮው የሰማውን ብቻ ነው። ዓሣ ሲሆን እንደ ቅንድብ ጎበጥ ያለ መስመር ይመጣል። ወለሉ ዓለት ሲሆን መስመሩ ወፍራም ቀይ ነው፤ ጭቃ ሲሆን ይሳሳና ይደበዝዛል። ሞተሩን ካላዘገየሁት አረፋው ያደነቁረዋል፤ ፀሐዩን ደግሞ በአፖሮሲ ባርኔጣ እከልለዋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ብቻዬን ነው የተማርኩት።

«ዓሣውን ትጨርሰዋለች» የምትሉትንም ሰምቻለሁ። ባላባታችን ካረፈና ከኮራሉ አጥር ወዲህ ያለው ባሕር ለመቶ ቀን ሐዘን ከታገደ ጀምሮ በታገደው ውኃ ውስጥ አንድ መንጠቆ ጥዬ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ማናሳ ጀልባዬን ሁለቴ ፈትሿል። ያገኘው የተቀቀለ ካሳቫ ብቻ ነው፤ እሱንም በልቶታል።

አሁን የሚያመኝን ልንገርህ። ቅዳሜ መቶኛው ቀን ነው፤ እገዳው ይነሳል፣ ድግሱ ይደገሳል። ጎኔዳው «የሽማግሌው ራስ» ከሚባለው ዓለት የወጣ ቀይ ዓሣ በባላባቱ ቤት ደጅ መዘርጋት አለበት። ያንን ባሕር ውስጥ የተደበቀ ዓለት አባታችን ለአንተ ብቻ አሳይቶህ ነው የሞተው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ነጭ ግድግዳ ከተራራው ስንጥቅ ሥር ሲገባ ነው አሉ የሚገኘው። ለመሞከር ሦስት ጊዜ ወጣህ፣ ሦስት ጊዜ ባዶህን ተመለስክ። በስብሰባው ላይ ያንጎና እየተጠጣ «ዓለቱ ሞቷል» አልክ። ቀጥለህ «የቤተ ክርስቲያኑ ቀለም ወይቦ ከባሕር አይታይም፤ በምን ምልክት ላግኘው?» አልክ።

እኛ ሴቶቹ በሩ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። እርስ በርስ ተያየን። ያንን ግድግዳ ለፋሲካ በኖራ የለቀለቅነው እኛው ነን።

ከዚያ የታችኛው መንደር ዘመዳችን ኢሊያሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «የአባቱን ዓለት ያጣ ሰው ሹመቱ ምን ይሠራለታል? ቅዳሜም ባዶ እጁን ከመጣ እኛ አለን» አለ። አንተ በእሱ ፈንታ በእኔ ላይ ዞርክ። «ዓሣውን ያሸሸው የዚያች ሴትዮ ሳጥን ነው፤ ይወሰድ» አልክ። ከንዴቴ ብዛት ተነስቼ ልናገር ነበር፤ ሰኒሚሊ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ የማልመልሰውን ነገር እናገር ነበር።

ምን እናገር እንደነበር ታውቃለህ? አታውቅም። እኔ ግን ከስብሰባው አሥራ ሦስት ቀን በፊት ያየሁትን አይቻለሁ።

ማክሰኞ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ሞተሩ ውኃ ስለሚረጨኝ የአፖሮሲን ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሻለሁ። ከኮራሉ ውጭ መልህቅህን ጥለህ አገኘሁህ። ስጠጋ ሳጥኔ ስልሳ ሁለት ሜትር አለ፤ ወለሉም የሳሳ፣ የደበዘዘ ጭቃ ነው። «ምነው እዚህ?» አልኩ በልቤ። ራቅ ብዬ ላልፍ ስል የሞተሬን ድምፅ ሰምተህ ቀና አልክ። በመካከላችን ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ፊት ለፊት አየኸኝ። እጅህን አንስተህ «ማታይያሲ! አንተ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ካለህበት ይታይሃል እንዴ?» አልከኝ።

ማታይያሲ የሰኒሚሊ ወንድም ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ይደርሳል።

ወንድሜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፍህ ለእኔ የተባለ አንድ ቃል አልሰማሁም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የመጣልኝ የመጀመሪያ ቃል ለሌላ ሰው የተላከ ነበር። ግድግዳው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። «ይታየኛል፣ ወደ ግራ ብዙ ሂድ» ማለት ምንም አልነበረም። ድምፄን ብትሰማ ግን እኔ መሆኔን ታውቃለህ፤ ማወቄንም ታውቃለህ። ዝም አልኩ። አንተም «ምነው ዘጋኸኝ?» ብለህ ሳቅክ። ሞተሬን አዙሬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ካደረግኩት ሁሉ ይቅርታ የምጠይቅህ ለዚያች ዝምታ ብቻ ነው። ለሌላው አልጠይቅም።

ያን ቀን አለቀስኩ። በማግስቱ ደግሞ ተናደድኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። አሥራ አንድ ቀን ባሕሩን እንደ ማሳ ስመላለስበት ከረምኩ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አንድ ጀልባ ፈቀቅ፣ እንደገና ወደ ላይ። የአንተ ቦታ ነውና መንጠቆ እንኳ ጀልባዬ ውስጥ አልያዝኩም። በአሥራ አንደኛው ቀን ስልሳ አለ፣ ሃምሳ ስምንት አለ፤ ከዚያ መስመሩ ወፈረ፣ ቀላ፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አርባ። ሃያ አምስት። አሥራ ስምንት! ከዓለቱ በላይ ቅንድቡ በቅንድብ ላይ ተደራርቧል። ብቻዬን እልል አልኩ። ቀና ብል ግድግዳችን ስንጥቁ ሥር ገብቶ ቆሟል። የሽማግሌው ራስ አልሞተም፤ ዓለቱን ሞተ ማለትህን ተው።

ስለዚህ ለስብሰባው ስትናገር እኔ በሩ አጠገብ ሆኜ ዓለቱ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለኢሊያሳ አልሸጥኩትም፤ ለማናሳ አላወራሁም።

አልዋሽህም፣ ከስብሰባው በኋላ በንዴት አንድ ቀን መንጠቆ ይዤ ሄጃለሁ። ግማሽ ቀን ዓሣው ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከሥሬ እንዳሉ ስክሪኑ ይነግረኛል፤ ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚበሉ ግን አይነግረኝም። አንድ መዳፍ የምታህል ይዤ መልሼ ለቀቅኳት። ውኃው ሲዞር ጀልባውን እንዴት እንደምትለቀው፣ ክሩን በጣትህ እንዴት እንደምትሰማው አንተ ታውቃለህ። እኔ አላውቅም። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

እንግዲህ የምናደርገውን ስማኝ። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጀልባህ አፍንጫ ላይ ተቀምጬ ታገኘኛለህ፤ ሳጥኔን ይዤ። ወንድምና እኅት በአንድ ጀልባ አይሳፈሩም፤ አውቃለሁ። ከፈለጉ ከድግሱ በኋላ ለጥፋትሽ ካሳ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ክፈይ ይበሉኝ፤ አስቀድሜ ግን ማንንም ይቅርታ አልለምንም። ጀርባዬን እሰጥሃለሁ። አንዲት ቃል አይወጣኝም። ወደ ግራ ሲሆን ግራውን የጀልባ ጠርዝ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ቀኙን በእጄ እመታለሁ። ወለሉ መውጣት ሲጀምር ሁለቴ እመታለሁ። ዓለቱ ላይ ስንደርስ መምታቴን አቆማለሁ፤ ያኔ መልህቅህን ጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የአንተ ነው። ስንመለስ ዓሣውን ተሸክመህ ከፊት የምትሄደው አንተ ነህ። እኔ ከኋላህ ሳጥኑን በራሴ ላይ ተሸክሜ እከተልሃለሁ፤ አልሸፍነውም። ኢሊያሳም ማናሳም ይዩት።

ሌላም ነገር አለ። የሐኪሞቹ መርከብ በነሐሴ ትመጣለች። ነርሷ ዘንድ «ከጎኔዳው ቤት አንድ ሰው» ብዬ አስመዝግቤአለሁ። ስም አላልኩም፣ ምን እንደሚያመውም አላልኩም።

ይህን ሁሉ እምቢ ልትል ትችላለህ፤ አለቃ ነህ። እምቢ ካልክ ግን ሹም እንዳትልክብኝ፣ በሚስትህም እንዳታስነግረኝ። ጀልባው ድረስ መጥተህ፣ ስሜን ጠርተህ፣ በገዛ አፍህ እምቢ በለኝ። ያን ጊዜ ወርጄ እሄዳለሁ፤ ቃሌ ነው።

እግዚአብሔር እጅህን ይባርከው፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ቅዳሜም ባሕሩን ጸጥ ያድርግልን።

ያዘለችህ ታላቅ እኅትህ