ሳፋው ውስጥ አለች

መጋቢት 9
ዛሬም ብቅ አላለችም። ሳፋው ላይ የሚታየው ደረቅ አፈር ብቻ... እንቁራሪቷ ከጥቅምት ጀምሮ ከታች ናት። ከቆላ ሳመጣት ድንቡሽቡሽ ያለች፣ አፏ ጠባብ። በኋላ እግሮቿ እየቆፈረች ቁልቁል ገባች፣ አለቀ። ዝናብ እስኪመጣ አትወጣም። የመመረቂያ ጥናቴም ይኸው ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ ግቢው ውስጥ በሳፋው አጠገብ ባለፉ ቁጥር ያማትባሉ። «ሸፊቃ፣ ሰው ድመት ያሳድጋል እንጂ!»

መጋቢት 12
አራት ኪሎ፣ አማካሪዬ ዶክተር የማነ ቢሮ።
«ሞታለች። ቆፍረሽ አምጫት። አለዚያ እስከ መጋቢት 19 ርዕስ ቀይሪ።»
«በሕይወት አለች። ብቆፍራት ነው የምትሞተው።»
«ማስረጃሽ?»
ማስረጃ ከየት ላምጣ? ግን አልቆፍርም። ርዕሴንም አልቀይርም። ከፈለጉ ይቆጡ!

መጋቢት 13
አልቆፍርም።

መጋቢት 16
ጉድ! እትዬ አልጋነሽ ሙቀጫውን ሳፋው ጎን አድርገው የበዓል በርበሬ ሲወቅጡ ነበር። ድንገት ጮኹ... ሮጬ ወጣሁ። አፈሩ ተሰንጥቆ ሁለት ዓይን! መሬቱ ድም ድም ሲል ዝናብ መስሏታል። አሁን ብትደርቅብኝስ? ውሃ ደግሞ ከጠፋ ሰንብቷል። እትዬ አልጋነሽ የራሳቸውን ጀሪካን አመጡ። «የቀሰቀስኳት እኔ፣ የማጠጣትም እኔ!»

ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ገባች። ፎቶ? ስልኬ ቤት ውስጥ ነበር። ደደብ ነኝ።

መጋቢት 19
ታክሲው ሳፋ አልጭንም አለ። ከሰፈራችን ከውቤ በረሃ እስከ አራት ኪሎ በእግራችን ሄድን። እኔ ሳፋውን፣ እትዬ አልጋነሽ ሙቀጫና ዘነዘናቸውን። በሩ ላይ ጥበቃው «ሙቀጫው ለምንድን ነው?» አለ።
«ለዝናብ» አሉት፣ ፈገግም ሳይሉ።

የዶክተር የማነ ቢሮ ወለል ላይ፣ ሳፋው ጎን፣ እትዬ አልጋነሽ ባዶውን ሙቀጫ ወቀጡ፣ ወቀጡ... ምንም የለም። ክንዳቸው ሲዝል ዘነዘናውን ተቀበልኳቸው። ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰብስበው ይስቃሉ። ይሳቁ!
«ይበቃል፣ ሸፊቃ» አሉ ዶክተር የማነ።
«አይበቃም!»
እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም። ዛሬ ጮህኩ። ደስ አለኝ።

እጄ ውሃ እስኪቋጥር ወቀጥኩ። አፈሩ እብጥ አለ... መጀመሪያ አፍንጫዋ፣ ከዚያ ዓይኖቿ። ሳቁ ቆመ። ዶክተር የማነ ከወንበራቸው ተነስተው ሳፋው ሥር ተንበረከኩ። «ጥናትሽን ቀጥዪ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

አሁን ሳፋው ቦታው ተመልሷል። እትዬ አልጋነሽ የቀረውን በርበሬ ሌላ ግቢ ሄደው እየወቀጡ ነው። እንዳይቀሰቅሷት።