ቤቴን የጠየቁኝ ሰዎች

ሰኞ
ለምን እኔን? ሐርጌሳ ውስጥ ድራም የሚመታ ሰው ጠፍቶ ነው? አንድ ሆቴል ውስጥ ሴራሚክ እያነጠፍኩ በመዶሻዬ እጀታ ባልዲ ስደበድብ እዚያ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ሰሙኝ። ድራመራቸው እናቱ ታማበት ጅቡቲ ሄዷል አሉ። ሐሙስ በሆቴሉ ግቢ ጃዝ መጫወት አለባቸው። «እስኪ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ድሬዳዋን ከለቀቅኩ ወዲህ የድራም ዱላ ይዤ አላውቅም።

ማክሰኞ
ልምምድ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ ሁሉም «አዴር ፋራህ» ነው የሚላቸው፣ አጎት እንደማለት። ጅጅጋ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። ሳክስፎኒስቱና ባለ ቤዙ ግን አንድ ቃል አያውቁም።
መጀመሪያ ጫት ተቃመ፣ ተወራ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ተቁለጨለጭኩ። ከዚያ ማንም ሳይቆጥር ዝም ብለው ሙዚቃው ውስጥ ገቡ። ደጋግሜ ሳትኩ። በሶማልኛ አወሩና ሳቁ፤ እኔ የያዝኩት «ሐበሻ» የምትለዋን ብቻ ነው።
ስንጨርስ አዴር ፋራህ፣ «ቤትህ የት ነው? ከማን ጋር ትኖራለህ? በሩ ምን ቀለም ነው?» አሉኝ።
የበር ቀለም ለድራም ምን ያደርጋል? የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎበታል። የምኖረው ጋአን ሊባህ ሰፈር ነው፤ ግን «አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ሰማያዊ በር» ብዬ ዋሸሁ።

ረቡዕ
በግመል ወተት የተፈላ ሻይ አቀረቡልኝ። ጾም ነው ብዬ አመለጥኩ። (ባይሆንስ እጠጣው ነበር?) ሳክስፎኒስቱ በስልኩ ፎቶ አነሳኝና ፈገግ አለ። ፈገግታው አልጣመኝም።
ግን ዛሬ ነቃሁባቸው። የሚያስጀምረው የባለ ቤዙ እግር ነው! እግሩን እያየሁ ገባሁ፤ አልሳትኩም። ላብ አጠመቀኝ። እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!
ቤት ስገባ ለዘነበ ነገርኩት። አብሮኝ ይኖራል፤ ከበርበራ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ ጥላውንም አያምንም። «ሰው ቤትህን የሚጠይቀው ወይ ሊድርህ ወይ ሊያስይዝህ ነው። ፎቶም አንስተውሃል? አለቀልህ! ነገ ድርሽ እንዳትል።»

ሐሙስ
አልሄድም ብዬ ነበር። እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። አየት አድርጌ እመለሳለሁ ብዬ በኩሽና በኩል ገባሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ሙዚቃ የለም። የድራሙ ወንበር ባዶ ነው።
አዴር ፋራህ ሲያዩኝ ጮኹ፦ «ወላሂ፣ አንተ ሰው! ፎቶህን ይዘን አሕመድ ዳጋህ ያለ ሰማያዊ በር ሁሉ አንኳኳን!»
«ለምን?»
«እንዴት ለምን? እንግዳ ተጫዋች በእግሩ ይመጣል? ከደጁ ይወሰዳል፣ ደጁ ይመለሳል። ነውር ነው!»
ማንም አልነገረኝማ። ለካ ለእነሱ የሚነገር ነገር አይደለም። አፈርኩ። ዱላዎቼን አነሳሁ። የባለ ቤዙን እግር አየሁ። ገባን።
ሲመልሱኝ እውነተኛውን በር አሳየኋቸው። አረንጓዴ ነው። አዴር ፋራህ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ቅዳሜም እንመጣለን» አሉ።

አርብ
ዘነበ ከመንገድ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «ትናንት አሕመድ ዳጋህ መኪና ሳሳጥብ ፎቶህን ይዘው መጡ! እናቴ ትሙት፣ አላውቀውም አልኳቸው። አንድም ሐበሻ አላጋለጠህም!» እየሳቅኩ ነገሩን አስረዳሁት። አልሳቀም። «ማባበያ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ
ደጃችን ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ዘነበ አልጋ ስር ሊገባ ምንም አልቀረው። የእኔም ልብ ዘለለ፣ አልዋሽም። ወጣሁ። ሦስቱም መኪና ውስጥ አሉ፤ ለእኔ ቦታ ትተዋል።
ስመለስ ዘነበ የመኪናውን ታርጋ መዳፉ ላይ ጽፎ ጠበቀኝ።
«እንዴት ነበር?»
«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አልኩት።
«እስካሁን» አለ።