ዓይኔን ሳይለኩ ሌዘር ላዘዙልኝ ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር ዋጃሃት
የዓይን ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም
ሙልታን

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ክሊኒክዎም፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ያ ትልቅ ፎቶግራፍዎም በጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም አያለሁ።

ረስተውኝ እንደሆነ ናጅማ ነኝ፤ የእህትዎ ልጅ የሻህዛር እጮኛ የነበርኩት ጥልፍ ሠሪ። እህትዎ ወይዘሮ ናሂድ ለጋብቻ ሊያዩኝ ቤታችን ሲመጡ፣ እናቴ መነጽሬን ደብቃብኝ ስለነበር ስኳሩን ከሲኒው ውጪ ጨመርኩት። እርሳቸውም ስቀው ሲያበቁ፣ «ልጅቷስ ደስ ትላለች፤ ግን ሙሽራ በመነጽር? ኧረ በጭራሽ!» አሉ። ከሌዘር ሕክምናና በመነጽር ፈንታ ዓይን ላይ ከሚለጠፍ ሌንስ አንዱን እንድመርጥም ወደ እርስዎ ላኩኝ። ቅሬታዬን እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዓይኔን ሳይለኩ ስለመረጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌንስ ይሻለኝ እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ «ዕድሜ ልክሽን ስታጥቢና ስትዘፈዝፊ ልትኖሪ ነው? ሌዘር አንዴ ነው፣ ከዚያ ግልግል!» ብለው ቀጠሮ ቆረጡልኝ። አክስቴ ግን አላመነችዎትምና እየጎተተች ላሆር ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። እሱም ለክቶ፣ የዓይኔ የፊት ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ ሌዘር ቢነካው እይታዬ ሊበላሽ እንደሚችል ነገረኝ። እንጀራዬ ዓይኔ ነው፣ ክቡር ዶክተር! ስለዚህ ሌንስ መረጥኩ።

ሁለተኛ፣ በቀለበቱ ቀን ሌንስ አድርጌ ሲያዩኝና ሌላ ሐኪም ማማከሬን ሲሰሙ፣ ለእህትዎ «ዓይኗ በሽታ አለበት፣ ለልጆቿም ይተርፋል» ብለው ስለመከሩልኝ ውለታዎን አልረሳም። በማግስቱ ቀለበቱን አስመለሱ፤ የላክነው ጣፋጭም ሳይከፈት ተመለሰ። እናቴ ካርቶኑን እንዳቀፈች በራችን ላይ ቆማ ጎረቤት ሁሉ እያያት አለቀሰች። ይህን ይቅር አልልዎትም፤ ይቅር የምል እንዳይመስልዎት።

ሦስተኛ፣ በዚያው በቀለበቱ ቀን ልጅዎ ማህሩኽ ዓይኗ ቀልቶ ጓዳ ገብታ የሌንስ ማጠቢያ ውሃ ለመነችኝ፤ ለካ እሷም በድብቅ ሌንስ ታደርጋለች። «እባክሽ ለማንም እንዳትነግሪ፤ እኔንም ሊያዩኝ ሊመጡ ነው፣ ዓይኗ ደህና ነው ተብለዋል» አለችኝ። ገርሞኝ፣ «አባትሽ እያሉ? ለምን በሌዘር አይሠሩልሽም?» አልኳት። «አባዬ? የኔን ዓይን? ሞቼ ነው ቆሜ ይላል!» ብላ ሳቀች።

ቀለበቱ ሲመለስ ጎረቤቶቼ፣ «ሂጂና አዋርጂው፤ የእጁን ያግኝ!» ብለው ወተወቱኝ። እውነት ለመናገር፣ የማህሩኽን ምስጢር ሊያዩዋት ለሚመጡት ሰዎች መንገር እጅግ አማረኝ። ነገር ግን የበደለኝ አባቷ እንጂ እሷ አይደለችምና አፌን ያዝኩ። ለእሷ ብቻ እርስዎ ያደረጉብኝን ሁሉ ነገርኳት።

ለሙያዎና ለዝናዎ የሚገባዎትን ሁሉ አላህ ሳያጓድል እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ናጅማ፣
ያልዳነችው በሽተኛዎ

ማስታወሻ፦ እርስዎ ቦታው ላይ ስለነበሩ ያውቁታል፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ይህን የምጽፈው ለሌላው አንባቢ ነው። ሐሙስ ዕለት ማህሩኽ ሻዩን ካቀረበች በኋላ ሊያዩዋት በመጡት እንግዶች ፊት ሌንሷን አውልቃ መነጽሯን አደረገች፤ ለእኔ ያዘዙትን ሌዘር ለእሷ እምቢ እንዳሉም ተናገረች። የሙሽራው እናትም ወደ እርስዎ ዞረው፣ «ለሰው ልጅ ያልፈሩትን ለራስዎ ልጅ ለምን ፈሩ?» አሉዎት። የማህሩኽ ጋብቻ ጸንቷል፤ ሙሽራው ግን በእርስዎ ክሊኒክ የያዘውን የሌዘር ቀጠሮ ሰርዟል።