በቀለም የተጻፉ ስሞች

ፓይን ክሪክ፣ አላባማ
እሑድ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1951

ለውድ ወንድሜ ለኤልሮይ፣

«ዲግሪሽን ይዘሽ እዚያ አቧራ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ለምን ወደ እኔ ወደ ቺካጎ አትመጪም?» ስትለኝ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤህ ነው። መልስ ይገባሃል። እኔ ኮሌጅ እንድጨርስ አንተ አራት ዓመት ሙሉ ብረት ማቅለጫው ፊት ቆመሃል። ስለዚህ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው፦ ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ግን አልመጣም።

አክስት ኮራ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ቤቴል ትምህርት ቤት አንተ እንደተውካት አለች፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ የነጮቹ ልጆች ተጠቅመው የጣሏቸው መጻሕፍት። የሦስተኛ ክፍል ማንበቢያችን የሚጀምረው ከገጽ አሥራ ሰባት ነው። ልጆቹ የታሪኩን መጀመሪያ ራሳቸው ይፈጥሩታል፤ ያስቃል፣ ደግሞ ያናድዳል። ከኛ ከጥቁሮቹ ስልክ ያለው ቀባሪው አቶ ሉሺየስ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ቤት ሄጄ ወደ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደወልኩ።

«ወይዘሪት ታርፕሊ እባላለሁ፤ የቤቴል አዲሷ አስተማሪ ነኝ። መጻሕፍት አልደረሱንም።»

ጸሐፊዋ በቅርቡ ከሞቢል የመጣች ናት፤ ትምህርት ቤቶቹን ገና አታውቅም። «ውይ የኔ እመቤት፣ እንኳን ደህና መጡ! ማክሰኞ እልክልዎታለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ አቶ ሉሺየስ በሁለት እጁ ራሱን ይዟል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ ነው የሠራሽው? ነጭ መስለሻት እኮ ነው! ከኛ ማን ነው ለነሱ ራሱን ወይዘሪት ብሎ የሚያስተዋውቅ? በይ ደውይና ኦዜላ ነኝ በያት።»

እውነቴን ነው ኤልሮይ፣ አስቤ ያደረግኩት አይደለም። ኮሌጅ ሁሉም ወይዘሪት ሲለኝ ከርሞ ነጮች እኛን በባዶ ስማችን ብቻ የሚጠሩበት የዚህ አገር ልማድ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር። መልሼ አለመደወሌ ግን አስቤበት ነው።

ማክሰኞ ዱዊ ሳይክስ የሚባል ነጭ ሾፌር ስልሳ አዲስ መጽሐፍ ጭኖ መጣ። «ወይዘሪት ታርፕሊ የታለች?» አለ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣሪያችንን አየ። «ወረቀቱ የሚለው ወይዘሪት ነው» አለ ለራሱ፤ ካርቶኖቹንም ማውረድ ጀመረ። ሲጨርስ አንዱን መጽሐፍ ከፍቶ አሸተተው። «የኔ ልጅ ይሄን አላገኘችም። መጀመሪያ ለከተማ ልጆች ነው አሏት። የጭሰኛ ልጅ እስኪደርሳት...»

«አንዱን ይውሰዱላት።»

«ካንቺ?» አለኝ ፊቱ በርበሬ መስሎ። መጽሐፉን ካርቶኑ ላይ ወርውሮ ባዶ እጁን ሄደ። አፉን እንደማይዝ ገባኝ።

ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የኛ ልጅ የነካው መጽሐፍ ወደ ነጮች ክፍል አይመለስም። ያወጡት እነሱ ናቸው። ልጆቹን ሰብስቤ አዲሶቹን አደልኩና «ስማችሁን ጻፉበት። ሙሉ ስማችሁን፣ በቀለም» አልኩ።

ቪዮላ እጇን አወጣች። «ወይዘሪት፣ ቀለም እኮ አይጠፋም።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ልጅት ለማንኛውም ብላ ሦስት ገጽ ላይ ጻፈች።

ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ኃላፊው ክሮምዌል ራሱ መጣ። «መጻሕፍቱን መልሰሽ ጫኚ» አለኝ። የላይኛውን ገለጠ፤ ቪዮላ ጄን ሙር። ሁለተኛውን ገለጠ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ መሐረብ አውጥቶ ጣቶቹን ጠረገ።

«ከእንግዲህ ይሄን ማን ይነካዋል?»

«እኛ ጌታዬ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ክሮምዌል አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ላከብኝ፦ «ነጭ አስተማሪ መስዬ ጽሕፈት ቤቱን አታልያለሁ፤ መጻሕፍቱንም ያገኘሁት በማጭበርበር ነው» ይላል። ከፈረምኩ ሥራዬ ይተርፍልኛል፤ መጻሕፍቱ ግን ይወረሳሉ። ካልፈረምኩ ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 20፣ የትምህርት ቦርዱ ተሰብስቦ ያባርረኛል።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰብን። ዲያቆን ፊሊፕስ፣ «ልጄ፣ ፈርሚ። ፊርማ ምንድን ነው? እኛ በዚህ አገር ስንት ውሸት ፈርመናል» አለኝ። ብዙዎቹ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልፈርድባቸውም፤ የሚኖሩት በባለ እርሻው ቤት ነው፣ በአንድ ቃል ይወጣሉ። እኔም አንተን አስቤ ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር። ያኔ የቪዮላ እናት ከጥጥ እርሻ እንደመጣች፣ ጆንያዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ተነሳች።

«ልጄ ስሟን ጽፋ መጥታ አሳይታኛለች» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያጻፍሻት። አሁን የሌብነት ነው ብለሽ ልትፈርሚባት ነው?»

አልፈረምኩም። ወደፊትም አልፈርምም። መጻሕፍቱን ልጆቹ ወደየቤታቸው ወስደዋል፤ ሊወርስ የመጣ ስልሳ በር ያንኳኳ። ሐሙስ ቦርዱ ፊት ቆሜ፣ ስሜ ወይዘሪት ኦዜላ ታርፕሊ ነው፣ የዋሸሁትም ነገር የለም እላለሁ። አብረንሽ እንሄዳለን ያሉኝ አሥራ አንድ ወላጆች አሉ። የቪዮላ እናት አንዷ ናት።

ስለ እኔ አትስጋ። አክስት ኮራ በዚህ ሙቀት ነፋስ ይገባል ብላ አልጋዬን ወደ መንገዱ ከሚያየው መስኮት አርቃልኛለች። ፊደሎቼ የተንጋደዱት ብዕሩ ስለሚያፈስ ነው።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ለጥጥ መዳመጫው ባለቤት «ጌታዬ» ሳትል ቀርተህ በዚያው ሳምንት ባቡር የተሳፈርክ ሰው ነህና ና አልልህም። ግን ከቤቴል የወጡ ስንቶች ቺካጎ አሉ? ስምንት? አሥር? ሰብስባቸው። በምን ዓይነት መጽሐፍ ማንበብ እንደተማራችሁ፣ ስንት ገጽ እንደጎደለው ለቦርዱ ጻፉ። ከሐሙሱ ስብሰባ በፊት ይድረሰኝ፤ እዚያ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። እናታችንን የጠበቀ አምላክ እጆችህን ከእሳቱ ይጠብቅልኝ። ስትፈርም ደግሞ ኤልሮይ ብቻ ብለህ እንዳትተወው፤ አቶ ኤልሮይ ታርፕሊ በልልኝ።

እህትህ፣
ኦዚ