የሃሮጊል የመጨረሻ መምህርት፣ የወይዘሪት ዶርከስ አይቭሰን የሕይወት ታሪክ

(በወንድማቸው በራልፍ አይቭሰን የተጻፈ)

ወይዘሪት ዶርከስ አይቭሰን ከአባታቸው ከአቶ ጆን አይቭሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃና ፒኮክ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1931 በሰሜን እንግሊዝ በሃሮጊል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የድንጋይ ካብ በመካብ ይተዳደሩ ነበር። እናታቸው የመንደሩን ትምህርት ቤት ይጠርጉ፣ ክረምት ክረምት ምድጃውን ያነዱ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በ1868 የተሠራ ነው። ድንጋዩን ከጠረቡት ሰዎች አንዱ የአያታቸው አባት ናቸው። ግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ይወፍራል። ጣሪያው በስስ ድንጋይ የተከደነ ነው። ከጫፉ ላይ ደወል ተሰቅሏል። በሮቹ ሁለት ናቸው፤ በመንገዱ በኩል ባለው ላይ "ወንዶች"፣ በሜዳው በኩል ባለው ላይ "ሴቶች" የሚል ተቀርጿል። የመስኮቶቹ ደፍ ከልጅ ቁመት በላይ ነው። ልጆች ውጭ ውጭውን እያዩ እንዳይዘናጉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ወይዘሪት ዶርከስ በ1936 ገብተው ስድስት ዓመት ሲማሩ በእነዚያ መስኮቶች ከሰማይ በቀር ያዩት ነገር የለም። የመምህሩ መኖሪያም እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ከመማሪያ ክፍሉ የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው።

በ1942 ፈተና አልፈው ከተማ ገብተው ተማሩ። በ1951 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። ሁለት ዓመት በሊድስ ከተማ አስተምረው በ1953 የሃሮጊል መምህርት ሆነው ተመለሱ፤ በመምህሩ ቤትም ገቡ።

በ1957 ከአቶ ሄንሪ ሬይን ጋር ታጭተው ነበር። አቶ ሬይን እርሻቸው ሩቅ ስለነበረ "ወይ እኔን ወይ ያንን የድንጋይ ጎተራ ምረጪ" አሏቸው። ወይዘሪት ዶርከስ ቀለበቱን በማግስቱ መለሱ። ከዚያ በኋላ ትዳር አልመሠረቱም። ልጅም አልወለዱም።

በ1982 የተማሪው ቁጥር ዘጠኝ ሲደርስ አውራጃው ትምህርት ቤቱን ዘጋ። ወንበሮቹን በመኪና ጭኖ ወሰደ። አንድ አግዳሚ በበሩ አልወጣ ብሎ ቀረ።

መሬቱ የሆልሮይድ ቤተሰብ ስጦታ ነበር። የስጦታው ውል ቦታው ለድሆች ልጆችና ለአዋቂ ድሆች ትምህርት እንዲሆን፣ ትምህርቱ በቆመ ጊዜ ግን ከነቤቱ ለሰጪው ወራሾች እንዲመለስ ያዛል። ወራሹ መንደሩን አይተውት የማያውቁ የደቡብ ሰው ነበሩ። ሊሸጡት ፈለጉ። ወይዘሪት ዶርከስ ሌላ ቤት አልነበራቸውም።

ወንድማቸው ራልፍ በዚያን ጊዜ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ካብ ሲክብ ትምህርቱን ስለዘለለ ከስሙ በቀር ብዙም አያነብም ነበር። ወይዘሪት ዶርከስ ከሚሠራበት ካብ ድረስ ሄዱ።

"ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ክፍል ግባ" አሉት።

"ምን ልሠራ? ምድጃው ተበላሸ እንዴ?"

"ልትማር። ውሉ አዋቂ ይላል። አንተ አዋቂ ነህ፣ በዕድሜ።"

ራልፍ ሄደ። በአግዳሚው ላይ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ተቀመጠ። ከበሩ ማዶ፣ በመኖሪያው ቤት፣ ዶርከስ ይላቸዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ሚስ አይቭሰን እንዲላቸው አዘዙት። የስም መጥሪያውን መዝገብ ከፍተው አንድ ስም ጠሩ፣ አንድ ሰው አቤት አለ።

በ1983 የወራሹ ጠበቃ አቶ ፕሬስኮት መጡ። የውሉን ግልባጭ ለራልፍ ሰጥተው እንዲያነብ ጠየቁት። ራልፍ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

"ምን ያህል ጊዜ ተማርክ?" አሉት።

"አምስት ወር።"

"አምስት ወር ተምረህ ይኸው ነው?"

ወይዘሪት ዶርከስ መለሱ። "ሲመጣ አንደኛውንም መስመር አያነብም ነበር። አርባ ዓመት ያረጀ ድንጋይ ነው የምጠርበው፤ ይታገሱኝ።"

ጠበቃው ሳቁ። ትምህርት እንዳለ አመኑ። ሲወጡ ግን "ይህ ሰው አጥርቶ ያነበበ ዕለት ተማሪ አይባልም። ያን ጊዜ ሌላ ከሌለዎት ቤቱ ያበቃል" አሉ።

በሩ እንደተዘጋ ራልፍ "እንግዲያው እዚችው ሦስተኛዋ መስመር ላይ እቆማለሁ፤ አንቺም ቤትሽ ትኖሪያለሽ" አላቸው።

"እኔ ክፍል ተቀምጦ የማይማር ሰው የለም። መስመር አራት።"

በ1986 ክረምት ራልፍ የጋዜጣ ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ወይዘሪት ዶርከስ ያንኑ ዕለት ለአቶ ፕሬስኮት ጽፈው አስታወቁ። ራልፍ ይህን ሲሰማ "አብደሻል" አላቸው። የጠበቃው መልስ ሳይመጣ ግን ስሟን መጻፍ ስለማትችል በመስቀል ምልክት ስትፈርም የኖረችው የመንደሩ ሴት ኤልሲ ራው የክፍሉን በር አንኳኳች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። ወንዶቹ ከመንገድ እንዳይታዩ በሜዳው በኩል ይገቡ ነበር። መጠጥ ቤት ውስጥ "ዛሬም በሴቶች በር ገባህ?" እየተባሉ ተቀልዶባቸዋል። ቀልደኛው ቶም ሜትካፍም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በር ገባ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ አዋቂዎች ማንበብ ተማሩ። በዚህ ቀብር ላይ ከመካከላቸው አራቱ አሉ።

ከዚያ ሰዉ ሞተ፣ ወጣቱ ሄደ፣ ቤቶቹን የበጋ እንግዶች ገዟቸው። የመጨረሻው ተማሪ በ2007 ጨረሰ። ወይዘሪት ዶርከስ በየሰኞው መዝገቡን ከፍተው "ማንም የለም" ብለው ይጽፉ ነበር። ራልፍ የእሱን ስም እንዲጽፉ ለመናቸው።

"አንተ ማንበብ ትችላለህ" አሉት።

"ማን ያውቃል?"

"እኔ።"

በ2008 የልብ ሕመም ጀመራቸው። ወደ መኝታቸው የሚያወጣውን ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው አልጋቸው ወደ መማሪያ ክፍሉ ወረደ። ከአልጋቸው ሆነው ከሰማይ በቀር የሚታያቸው ነገር አልነበረም። ራልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ልክፈተው ቢላቸው "የሰው ቤት አይነካም" አሉ።

በዚህ ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን ለጠበቃው ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው አዘዙት። ደብዳቤው በሃሮጊል ትምህርት ቤት ትምህርት መቆሙን ያስታውቃል። ራልፍ ጽፎ ሰጣቸው። ሁለት ቦታ በእርሳስ አርመው እንደገና እንዲገለብጠው መለሱለት።

ራልፍ "ይኸው አስተማርሽኝ፤ ይህ ትምህርት አይደለም?" አላቸው።

"አይደለም። ደብዳቤ ነው። ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ሂድ።"

ራልፍ ደብዳቤውን በኪሱ አድርጎ ወጣ። አልላከውም። ልከሃል ወይ ብለው አልጠየቁትም፤ ይልካል ብለው ስላመኑ ነው።

ወይዘሪት ዶርከስ ኖቬምበር 14 ቀን 2009 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በዚያው ክፍል ውስጥ አረፉ። ከቤተሰባቸው በሕይወት ያለው ወንድማቸው ራልፍ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ዛሬ ከቀብር መልስ ይላካል።

ጌታ ሆይ፣ ማንም ልቀቂ ከማይላቸው ቤት አስገባቸው። አሜን።