እንግሊዞች ሲታረቁ

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እዚያም ጎንበስ ቀና እያልሽ ትለፊያለሽ? የእህትሽ የእትዬ ጌጤስ ሕመም እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወባውም ዘንድሮ እስካሁን ረስቶኛል። ጋሼም ደህና ናቸው። ደብሪቱ ከማድቤት ሆና «ሰላም በዪልኝ፤ ሽሮው እንደ እጇ አልሆን አለኝ በዪልኝ» ትላለች። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው።

ደብዳቤውን «አንቱ» ብዬ ጀምሬው ነበር። «እኔ ባላባት ነኝ ወይ አንቱ የምትዪኝ?» እያልሽ የምታኮርፊው ትዝ ሲለኝ ቀደድኩት። ፊደሉን ትልልቅ ያደረግሁት መሠረተ ትምህርት ስትማሪ ትንንሹ ፊደል ዓይንሽን እንደሚያደክመው ስላየሁ ነው። ለማንም አታስነብቢው። ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

ልጽፍልሽ የፈለግሁት ስለ ቴሌቪዥኑ ነው። አትሳቂብኝ። አንቺ በማድቤትና በሆቴሉ ሳሎን መሃል ስትመላለሺ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠሽ አላየሽውም። ለእኔ ግን ሰው ሳያየኝ እንዳይ ከማድቤቱ መጋረጃ ኋላ ዱካ ያስቀመጥሽልኝ አንቺ ነሽ። ያቺ ዱካ ባትኖር ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

በፊት የፈረንጅ ቀልድ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጋሼ አስመራ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሲሠሩ በቴሌቪዥን ያዩትን እየደጋገሙ ስለሚያወሩልን የአሜሪካኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። የአሜሪካ ሰው የሆዱን ሁሉ ይናገራል። ባል ሚስቱን በሰው ፊት ያበሽቃታል፣ እሷም ወገቧን ይዛ ትመልስለታለች፣ ሰው ያጨበጭባል። መጨረሻ ላይ አንደኛው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ሙዚቃ ይመጣል። ሽማግሌ የገባበት ጠብ ማለት ነው፤ በደል ይነገራል፣ ጥፋተኛ ይለያል፣ ይሳሳማሉ።

እሑድ እሑድ አመሻሽ ላይ ከዜናው በኋላ የሚያሳዩን ግን የእንግሊዞቹን ነው። እነሱ ይሉኝታ አለባቸው። አንዱ የሌላውን እግር ቢረግጥ ይቅርታ የሚጠይቀው የተረገጠው ነው። ሲከፋቸው ስለ ዝናብ ያወራሉ። የተዋረደው ሰውዬ እንደተዋረደ ታሪኩ ያልቃል፤ ማንም አያቅፈውም፤ በሳምንቱ ኮቱን ቆልፎ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብቅ ይላል። የሚያስቀኝ አፋቸው ድረስ መጥቶ የሚውጡት ነገር ነው። ጋሼ እንግሊዝኛውን ያውቃሉ፣ ለሰዉ ይተረጉማሉ፤ እኔ ቃሉ አይገባኝም፣ ፊታቸውን ነው የማየው።

እትዬ፣ ዓይን አፋርነት የእኔ ብቻ በሽታ ይመስለኝ ነበር። «ተነሺና አንብቢ» መባሉን ፈርቼ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ የተውኩ ሰው፣ የኔ ቢጤ የሞላበት አገር አለ ብዬ እንዴት ላስብ? እነዚያን እንግሊዞች እግዜር ይስጣቸው።

ጋሼ ግን ሁሉንም በአሜሪካ ሥርዓት ነው የሚተረጉሙት። ገና ሲጀምር «ቆዩ፣ አሁን ይጣላሉ፣ መጨረሻ ላይ ይተቃቀፋሉ» ብለው እኛ ዘንድ ለሚያድሩት ሾፌሮች ቃል ይገባሉ። ሙዚቃው ይመጣል፣ የተቃቀፈ የለም። «ጋሽ ተክሌ፣ የታለ ዕርቁ?» ይሏቸዋል። «የሚመጣው ሳምንት ነው!» ይላሉ። የሚመጣውም ሳምንት የለም።

ያን የጥር እሑድ እንዳነሳብሽ ፍቀጂልኝ። ባልና ሚስቱ ውሻቸውን ኮት አልብሰው ገበታ ላይ ያስቀመጡበት ነበር። ያ የከሚሴው ሾፌር ቃሲም «ምነው፣ ልጅ የላቸውም እንዴ?» አለ። ጋሼም «የላቸውም፤ እንደኛ ቤት ነው! እኛ ውሻውም የለን እንጂ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንቺ ቢራ ይዘሽ እየገባሽ ነበር። አንቺም ሳቅሽ። «ደግ ተናገርክ» ብለሽ ቢራውን አንድ በአንድ ከፈትሽላቸው፤ ጠብታ አላፈሰስሽም። የዚያን ሳምንት በርበሬ አስፈጨሽ፣ የጋሼን ጋቢ አጠብሽ፣ የአንሶላውን ቀዳዳ ሁሉ ጠቀምሽ። ከዚያ «ጌጤን አሟታል፣ ሳምንት ሰንብቼ እመጣለሁ» ብለሽ በጧቱ አውቶብስ ሄድሽ። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

ጋሼ ክፋት አስበው አልነበረም። ይህን የምልሽ የእናቴ ወንድም ስለሆኑ አይደለም። አስመራ ሲያዩ የኖሩት እንደዚያ ነው፤ ባል ሲቀልድ ሚስት ትመልሳለች፣ ከዚያ ያልቃል። የምትመልሺውን ሲጠብቁ ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜም «ስቃለች እኮ፣ በዓይኔ አይቻታለሁ» ይሉ ነበር።

ጋሼ ለዕርቅ የላኳቸው ሽማግሌዎች ካንቺ ዘንድ የተመለሱ ለት መጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። የንስሐ አባታችን እየተገረሙ ነበር የሚያወሩት። «ዶሮ አረደችልን፣ እግራችንን አጠበችን። ‹በደልሽን ንገሪን› ብንላት ‹ምን በደል አለ አባቴ፣ እኔ ከማን ተጣላሁና? እህቴን አሟት ነው› አለችን። እንግዲህ ተክሌ፣ ያልተጣላ ሰው እንዴት ይታረቃል?» አሉ። ሽማግሌ ያለ በደል ምን ይሠራል? እጃቸውን አጣጥፈው ተመለሱ። ጋሼማ ደስ አላቸው! «በሉ፣ አልተጣላችም ማለት ነው» ብለው ለሁሉም ቢራ ጋበዙ። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን የሚመጣ አውቶብስ በቆመ ቁጥር በር ላይ ይወጣሉ።

እስከ ፋሲካ ካልመጣሽ ሆቴሉን አከራይተው እኔን ወደ አባቴ ሊመልሱኝ አስበዋል። «ሾፌር በሚያድርበት ቤት ልጃገረድ ያለ እመቤት አትኖርም» አሉ። ልክ ናቸው፣ አልቀየምኳቸውም። አባቴ ቤት ምን እንደሚጠብቀኝ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ዓምና ለትዳር የጠየቀኝን ሰውዬ «ልጅ ናት» ብለሽ የመለስሽው አንቺ አይደለሽ? አሁን እሱም ሰምቶ መላላክ ጀምሯል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ የሆነውን ልንገርሽ። የእንግሊዙ ሰውዬ በሚስቱ አዲስ ባርኔጣ በእንግዶች ፊት አሾፈ። እሷ ፈገግ ብላ «ዝናቡ ያባራ ይሆን?» አለች። ሰዎቹ ሲሄዱ ባርኔጣዋን በመስኮት ወረወረችው፣ የጎረቤት ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ሻዩን ያለ ስኳር ትሰጠዋለች። እሱ ፊቱን ኮምጨጭ አድርጎ ይጠጣል እንጂ ስኳር አምጪ አይልም። በመጨረሻ በዚያ ዝናብ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ጭቃ ላይ ወደቀ። ጎረቤቱ ምን እየሠራህ ነው ቢለው «ወፍ እያየሁ ነው» አለው። ባርኔጣዋን አምጥቶ ቦታው ላይ ሰቀለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ምንም አልተናገረም። እሷ መጥታ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳር ጨመረችበት፣ አማሰለችለት። ሙዚቃው መጣ።

ቃሲም ጠረጴዛውን መታና «ዛሬም የለም! ጋሽ ተክሌ፣ ዕርቁን የት በላኸው?» አለ። ጋሼም ግራ ገብቷቸው «ሳምንት...» ሲሉ፣ እኔ ብርጭቆ ልሰበስብ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ታርቀዋል» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደማርያም «ይህቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?» አሉ። «ስኳር ጨመረችለት እኮ» አልኩና ብርጭቆውን ሳልሰበስብ ማድቤት ገባሁ። ከኋላዬ ቃሲም «ወላሂ ልጅቷ እውነቷን ነው!» ሲል፣ ሳቃቸውም ሲፈነዳ ሰማሁ። የጋሼ ሳቅ ግን በመሃሉ አልነበረም።

በማግስቱ ጧት ማድቤት መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መጥተው ተቀምጠው አያውቁም። «ስትሄድ ምን ምን አድርጋ ነው የሄደችው? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አሉኝ። የበርበሬውን፣ የጋቢውን፣ የአንሶላውን ነገርኳቸው። «ለሳምንት የምትሄድ ሴት የሦስት ወር በርበሬ አታስፈጭም ጋሼ» አልኳቸው። «ስቃ ነበር እኮ» አሉ። «ሳቋ የእንግሊዞቹ ዓይነት ነበር» አልኩ። ቀና ብለው የማድቤቱን ቆርቆሮ አዩት።

ማክሰኞ ምን አደረጉ መሰለሽ? ሰንበሌጥ በአህያ አስጭነው አመጡና የማድቤቱን ቆርቆሮ ሊሸፍኑ ራሳቸው ጣሪያ ላይ ወጡ። ያን «ጭንቅላቴን ቀቀለው» እያልሽ ስንት ዓመት የለመንሻቸውን ቆርቆሮ። ሠራተኛ ልቅጠር ብላቸው እምቢ አሉ። አንዴ ተንሸራተው ክርናቸው ተላጠ። ጓድ ወልደማርያም በአጥር በኩል «ተክሌ፣ በስተርጅና ጣሪያ ላይ ምን አወጣህ?» ቢሏቸው «ለዶሮዎቹ ነው፣ ሙቀቱ ፈጃቸው» አሉ። ያለችን ዶሮ አንዲት ናት እትዬ፤ እሷም የምትውለው ጓድ ወልደማርያም ግቢ ነው። ማድቤቱ አሁን እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለሽ። ደብሪቱ በቀትር ታንጎራጉርበታለች።

ከዚያ ወዲህ ሲተረጉሙም መጨረሻውን ቀድመው አይናገሩም።

አሁን የእኔን ልንገርሽ። ይህን ለመጻፍ ነው ሦስት ወረቀት ያበላሸሁት።

ያን የጥር እሑድ፣ ጋሼ የተናገሩ ለት፣ አንቺ ከመሳቅሽ በፊት ዞረሽ ያየሽው ማድቤቱ በር ላይ የቆምኩትን እኔን ነበር። አፍሽ ተከፍቶ ነበር። ልትናገሪ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እስቅ ነበር። እንዳየሽኝ አይቻለሁ። ያኔ ነው አፍሽን ገጥመሽ አንቺም የሳቅሽው።

እትዬ፣ ጋሼ «ልጅ የለንም» ሲሉ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዐሥር ዓመት በዚህ ቤት የበላሁ ሰው። ካልሳቅሁ እንደተነካሁ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል ብዬ ነው የሳቅሁት። በአንቺ አልሳቅሁም። ስድስት ዓመቴ እናቴ ስትሞት ገጠር ድረስ መጥተሽ የወሰድሽኝ፣ ወባ ሲጥለኝ ክሊኒክ ድረስ በጀርባሽ ያመላለስሽኝ፣ ክፍል ውስጥ ስፈራ መስኮቱ ስር ቆመሽ ነጠላሽን የምታሳዪኝ አንቺ ነሽ። ይህን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም። አፌ አልታዘዝ እያለኝ ነው። ልቤ ግን በየቀኑ ሲያመሰግንሽ ነው የኖረው፤ አሁንም በዚህ ወረቀት ያመሰግንሻል።

ደብዳቤውን ቃሲም ያደርስልሻል። ያን ለት ያን ጥያቄ በመጠየቁ እስካሁን ያዝናል፤ «ቤት ያፈረሰ አፍ» እያለ ራሱን ይሳደባል። ሻይ ስጪው።

ቅዳሜ በጧቱ አውቶብስ እመጣለሁ። ብቻዬን ነው። እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከጀውሃ ወዲያ ሄጄ አላውቅም፤ ግን ጠይቄ አገኘዋለሁ። ጋሼን «እትዬ ጌጤን ልጠይቅ» ብዬ አስፈቀድኳቸው። «ደግ ነው፣ የታመመ መጠየቅ ጽድቅ ነው» አሉኝ። በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱና «ስትመለሺ አውቶብሱ ይሞላል፤ ሁለት ወንበር ያዢ። ለዕቃሽ» አሉ። የምይዘው አንድ ዘንቢል ነው።

ስደርስ ምንም እንድታስረጂኝ አልፈልግም። ብትመለሺም ብትቀሪም አልጠይቅሽም። በሩን አንኳኩቼ ውጭ እቆማለሁ። እትዬ ጌጤ ከጓዳ ሆነው «ማን ናት የመጣችው?» ይሉሻል። የምትመልሺላቸውን እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

እስከዚያው ወገብሽን ይማርልኝ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፣ ተሸክሞ ያሳደገ ጀርባሽ አይጉበጥ። የእትዬ ጌጤን ጉልበት ሳሚልኝ።

አንቺ ያሳደግሻት